የሚያምር ሥዕልና የሚኖርበት ሕንፃ፦ በሬንደሪንግ ላይ ገንቢ ሂስ ስለ መስጠት

በሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በስቱዲዮዎቻችን ውስጥ በየሳምንቱ የምንሠራው፣ ነገር ግን ራሱን ችሎ ትምህርት ሆኖ የማይሰጥ ነው። ተማሪዋ ቀንና ሌሊት የደከመችበትን ሬንደር በግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። ከፊቷ መምህራንና የክፍል ጓደኞቿ ይቀመጣሉ። አንዱ «ቆንጆ ነው» ይላል። ሌላው «አልሳበኝም» ይላል። ሦስተኛው «ሰማዩን ብትቀይሪው» ይላል። ተማሪዋ ሁሉንም በማስታወሻዋ ትጽፋለች፤ ማታ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ሰማዩን ትቀይራለች። በሳምንቱ ሥዕሉ ሌላ ሰማይ ይዞ ይመጣል፤ ሕንፃው ግን ያው ነው።

ለእንግዶቻችን ያህል፣ ሬንደር ስል ገና ያልተሠራን ሕንፃ በኮምፒዩተር ሞዴልና በብርሃን ስሌት ፎቶግራፍ አስመስሎ የሚያሳየውን ሥዕል ማለቴ ነው። የንግግሬም ጥያቄ ይህ ነው፦ ስለ አንድ ሬንደር የምንናገረው ቃል ሥዕሉንም፣ ሕንፃውንም፣ ሠሪውንም የሚያሻሽል ይሆን ዘንድ ምን ዓይነት ቃል መሆን አለበት?

ሥዕሉ ለምን ይህን ያህል ክብደት አገኘ?

ያልተሠራን ነገር በሥዕል አሳምሮ ማቅረብ አዲስ ጥበብ አይደለም። እንግሊዛዊው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ሃምፍሪ ሬፕተን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ለደንበኞቹ «ቀይ መጻሕፍት» የተባሉ ጥራዞችን ያዘጋጅ ነበር። የቦታውን የአሁን ገጽታ በሚገለጥ ወረቀት ላይ ይስላል፤ ደንበኛው ወረቀቱን ሲገልጠው ከሥሩ የታሰበውን ገጽታ ያያል። አሜሪካዊው ሂዩ ፌሪስ ደግሞ በሥነ ሕንፃ የሠለጠነ ሆኖ ሳለ ኑሮውን የመሠረተው የሌሎችን አርክቴክቶች ሕንፃዎች በመሳል ነው። በ1929 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው «ዘ ሜትሮፖሊስ ኦቭ ቱሞሮው» የተባለው መጽሐፉ ከጨለማ ውስጥ ብቅ በሚሉ፣ በከሰል በተሳሉ ታላላቅ ሕንፃዎች የተሞላ ነው።

ሬፕተንም ፌሪስም ማሳመን ይፈልጉ ነበር። የዚያን ዘመን ተመልካች ግን የሚያየው በእጅ የተሳለ ነገር መሆኑን አይዘነጋም። የዛሬው ሬንደር ይህን ማስጠንቀቂያ አጥቷል። ጄምስ ካጂያ በ1986 (እ.ኤ.አ.) የሬንደሪንግ ቀመር በመባል የሚታወቀውን ስሌት ካቀረበ ወዲህ፣ ፕሮግራሞቻችን ብርሃን ከግድግዳ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጣሪያ ሲነጥር እየተከተሉ ያሰላሉ። ውጤቱን የሚያይ ሰው ካሜራ ይዞ እዚያ የቆመ ሰው ያለ ይመስለዋል። ፎቶግራፍን የሚያምነውን ያህል ሥዕሉንም ያምነዋል።

ይህ እምነት በከተማችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የግንባታ ቦታው በቆርቆሮ ይታጠራል፤ በአጥሩ ላይ ትልቅ ሥዕል ይሰቀላል። ቤተሰብ ሥዕሉን አይቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ቅድሚያ ይከፍላል። በዋሽንግተን የምትሠራ ነርስ ወይም በሪያድ የሚሠራ ሾፌር በስልኩ የደረሰውን ሥዕል አይቶ ገንዘብ ይልካል። ለእነዚህ ሰዎች ፕላንና ሴክሽን የማያውቁት ቋንቋ ነው፤ የሚያነቡት ሥዕሉን ብቻ ነው። ሳሎኑን በሌንስ ብልሃት እጥፍ ያሰፋው ሰው ከእንደኛ ያለ ስቱዲዮ የወጣ ባለሙያ ነው። ተማሪ ሳለ «ይህ ክፍል በፕላንህ ላይ ይህን ያህል አይሰፋም» ብሎ የነገረው ሰው ነበርን? ለሂስ የምንሰጠው ክብደት ከዚህ ይመነጫል።

ሂስ ሁልጊዜ አይጠቅምም

አስተያየት በሰጠን ቁጥር ያስተማርን ይመስለናል። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ደኒሲ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ግን፣ አስተያየት መስጠት በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም፣ ከተመረመሩት ውጤቶች ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሚሆኑት ሥራው ከአስተያየቱ በኋላ ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። እነርሱ በሰጡት ማብራሪያ መሠረት፣ አስተያየቱ ትኩረትን ከሥራው አንሥቶ ወደ ሰውየው ማንነት በወሰደ መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። «ጎበዝ ነህ» የሚለው ቃልና «አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም» የሚለው ቃል በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ተማሪው ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አይነግሩትም።

ጆን ሃቲና ሄለን ቲምፐርሊ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን በሦስት ጥያቄዎች አጠቃለሉት፦ ወዴት ነው የምሄደው? እስካሁን እንዴት እየሄድኩ ነው? ቀጥሎስ ወዴት? «ሰማዩን ቀይሪው» የሚለው አስተያየት ሦስተኛውን ብቻ የሚመልስ ይመስላል። ሁለቱ የቀደሙት ጥያቄዎች ስላልተነሡ ግን ተማሪዋ ሰማዩን ለምን እንደምትቀይር አታውቅም።

የእኛም ቤት የራሱ ልምድ አለው። በቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በዚህ ልምድ ውስጥ ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች ይታዩኛል። አንደኛ፣ እርማቱ የሚያርፈው በተወሰነ ቃል ላይ ነው፤ የትኛው ቃል እንደተሳተና የትኛውን ሕግ እንደሳተ ይነገራል። ሁለተኛ፣ ቅኔው ቤት መምታቱና አገባቡ መጽናቱ ሳይታይ ስለ ምሥጢሩ ርቀት ብዙ አይወራም። እኛም ቤት ነውና የምንሠራው፣ ቤቱ መቆሙን ሳናይ ስለ ሰማዩ ቀለም ማውራት አይገባንም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አነጋገር ለሬንደርም ይሠራል።

አንድ ሬንደር አብረን እንመልከት

አሁን በመጋረጃው ላይ የምታዩት ሥዕል የማንም ተማሪ ሥራ አይደለም። በየስቱዲዮው ደጋግመው የሚታዩ ነገሮችን ሰብስቤ ለዚህ ንግግር ያዘጋጀሁት ነው፤ ስለዚህ ሳትሳቀቁ ልትተቹት ትችላላችሁ። ሕንፃው በአዲስ አበባ ተዳፋት ቦታ ላይ የታሰበ ባለአራት ፎቅ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነው። ዋናው የማንበቢያ ክፍልና መግቢያው ወደ ሰሜን ይመለከታሉ። ሥዕሉ ያማልላል፤ ወርቃማ ብርሃን ፊቱን ሞልቶታል፣ መስታወቱ ጥርት ብሎ ውስጡን ያሳያል፣ ሣሩ የበጋ ደረቅ ሣር ነው።

ከብርሃኑ እንጀምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትውል፣ ወደ ሰሜን የሚመለከት ግድግዳ በእነዚያ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። በታኅሣሥ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ወደ 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት። በሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ በሰሜን በኩል ወደ 76 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ያ ግን የክረምት መግቢያ ነው፣ ሣሩም ለምለም ነው። ዝቅ ያለች ፀሐይ የሰሜኑን ግድግዳ ፊት ለፊት የምትመታበት ሰዓት በዓመቱ ውስጥ በሙሉ የለም። ስለዚህ ይህ ሥዕል በጋውንና የሰሜኑን ወርቃማ ብርሃን አብሮ ሲያሳየን፣ በዚህች ከተማ ላይ ያልወጣች ፀሐይ እያሳየን ነው።

«ብርሃኑ ስህተት ነው» ብለን ብንቆም ከፊል ሥራ ነው። የማንበቢያ ክፍሉ ወደ ሰሜን መዞሩ የዲዛይኑ ትልቁ ጥንካሬ ነው። ለሚያነብ ሰው የሚስማማው ገጹን የማይወጋ፣ ቀኑን ሙሉ እኩል ሆኖ የሚቆይ ብርሃን ነው፤ ይህ ክፍል ደግሞ ያንን በነፃ ያገኛል። ተማሪዋ የተዋሰችው ወርቃማ ብርሃን የራሷን ብልህ ውሳኔ ሸፈነባት። ስለዚህ የምንላት እንዲህ ነው፦ «ጥላውን ተከትዬ ሳየው ፀሐይዋ በሰሜን ዝቅ ብላለች፤ ይህ በአዲስ አበባ አይሆንም። ፀሐይዋን ወደ ታኅሣሥ ወር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መልሺና ከውስጥ አንድ ዕይታ አሳይን። የማንበቢያው ክፍል ጸጥ ያለ ብርሃን ያንጊዜ የሕንፃሽ ዋና መከራከሪያ ይሆናል።» ስለ ሥዕሉ የተጀመረው ሂስ ስለ ሕንፃው ሆኖ ሲያልቅ እዩ።

ስለ ማምሻ ብርሃንም አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ በደንብ የሚቆየው ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ግን ብርሃኑ እየተንቀራፈፈ ይቆያል። ተማሪዎቻችን ከባዕድ መጻሕፍትና ድረ ገጾች የሚቀዱት ረጅም ወርቃማ ምሽት የሌላ አገር ሰማይ ነው።

ሁለተኛው ካሜራው ነው። የውስጡ ዕይታ በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተነሣ ነው። በተለመደው 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የካሜራ ገጽ ስናሰላው፣ ይህ ሌንስ በአግድም 90 ዲግሪ ያያል። 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 54 ዲግሪ፣ 50 ሚሊ ሜትር ወደ 40 ዲግሪ ያያሉ። በሰፊው ሌንስ ቅርቡ ጠረጴዛ ይገዝፋል፤ የወዲያኛው ግድግዳ ይሸሻል፤ በፕላኑ ላይ 7 በ9 ሜትር የሆነው ክፍል የስብሰባ አዳራሽ ይመስላል። አስተያየታችን «ሌንሱ ሰፍቷል» ብቻ ከሆነ ተማሪዋ ቁጥሩን ትቀይራለች፤ ክፍሉ በሥዕሉ ውስጥ አልገባ ሲላት ደግሞ ትመልሰዋለች። «ለምን ሰፊ ሌንስ አስፈለገሽ?» ብለን እንጠይቃት። «ክፍሉን በሙሉ ማሳየት ፈልጌ» ካለች፣ አንዱን ግድግዳ አንሥታ በሴክሽን ፐርስፔክቲቭ እንድታሳየው እንመክራታለን፤ ያ ሥዕል ግድግዳው መነሣቱን ስለማይደብቅ ማንንም አያታልልም።

ሦስተኛው ልክ ነው። የጎኑ ግድግዳ ያልተለሰነ ብሎኬት ነው። እኛ አገር የምንጠቀምበት ብሎኬት 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ስለዚህ በ3 ሜትር ከፍታ ውስጥ 14 ወይም 15 ረድፍ መቁጠር አለብን። በሥዕሉ ላይ ብንቆጥር ሰባት ነው። ቁሱ በእጥፍ ተለጥጦ ተለጥፏል፤ ዓይናችንም ምክንያቱን ሳያውቅ ሕንፃው ትንሽ እንደሆነ ይነግረናል። የሰዎቹንም ልክ በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ካሜራው ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ከቆመ፣ በዚያው ሜዳ ላይ የቆሙ አዋቂዎች ሁሉ፣ ቢርቁም ቢቀርቡም፣ ራሳቸው በአድማሱ መስመር አካባቢ ይውላል። ከደጁ አጠገብ የቆመው ሰውዬ ራሱ ከመስመሩ በጣም ወርዷል፤ ሕፃን ካልሆነ በቀር ልኩ ተሳስቷል። እንዲህ ያለ አስተያየት ክርክር አያስነሣም። «ትንሽ መሰለኝ» ቢባል ግን ተማሪው «ለእኔ አይመስለኝም» ሊል ይችላል፤ ሲቆጠር ሁለቱም ወደ አንድ ቁጥር ይመለከታሉ።

አራተኛው መስታወቱ ነው። በጠራራ ቀን ከውጭ ሲታይ መስታወት ሰማዩንና ከፊቱ ያለውን ዛፍ ያንጸባርቃል፤ ከኋላው ያለው ክፍል ከውጭው ስለሚጨልም ውስጡ ብዙም አይታይም። በሥዕሉ ላይ ግን መደርደሪያዎቹና አንባቢዎቹ ወለል ብለው ይታያሉ። «ሕንፃው ለሰፈሩ ክፍት ነው» የሚለው የተማሪዋ ሐሳብ የተመሠረተው በዚህ መስታወት ላይ ነው። እውነተኛው መስታወት ያን ተስፋ በቀን አይፈጽምም። ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ መጣል የለበትም፤ ክፍትነቱን በመስታወት ፋንታ በሚከፈት በር፣ በበረንዳ፣ በደረጃው ላይ ባለ መቀመጫ እንድታገኘው መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛው በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎችና ዛፎች ናቸው። ዛፎቹ የሰሜን አውሮፓ ናቸው፤ ሰዎቹም ከተዘጋጀ የምስል ክምችት የመጡ መንገደኞች ናቸው። ብዙዎቻችን «የእኛን ሰው አስገባ፣ ጽድና ግራር ትከል» ብለን እናልፋለን። ጋቢ የለበሱ አዛውንትና ጀበና ያቀረበች ሴት እንደ ጌጥ ቢጨመሩ ግን ሥዕሉ ከአንድ ማስዋቢያ ወደ ሌላ ተሸጋገረ እንጂ አልተሻሻለም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ቡና የምታፈላው ሴት የት ትቀመጣለች? ጥላ አላት? የታጠበው ሲኒ ውሃ የት ይፈሳል? ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የሚመጡት ልጆች ዝናብ ሲጥል የት ይጠለላሉ? እያንዳንዱ በሬንደር ውስጥ የሚቆም ሰው በፕላኑ ላይ ቦታ ይጠይቃል። በዚህ ሥዕል ላይ በመግቢያው ፊት በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠች ወጣት ትታያለች። ከእርሷና ከመንገዱ መካከል ደግሞ አምስት ደረጃዎች አሉ፤ ራምፕ የለም። ሥዕሉ ራሱ የሕንፃውን ጉድለት መሰከረ። ሂስ የሚሰጥ ሰው ይህን ማየት ከቻለ፣ ሬንደሩ ከማስታወቂያነት ወጥቶ የመመርመሪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አስተያየቱን እንዴት እንናገረው?

ከምሳሌው ተነሥቼ አራት እርምጃዎችን አቀርባለሁ። መጀመሪያ የሥዕሉን ዓላማ ጠይቁ፤ ለማን ነው የተሠራው? ምን እንዲያሳይ ነው? ለሰፈሩ ነዋሪ የተሠራ ሥዕልና ለመዋቅር መሐንዲስ የተሠራ ሥዕል በአንድ መለኪያ አይለኩም። ሁለተኛ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በመኪናው ላይ ነው፤ መግቢያውን ያገኘሁት ከቆይታ በኋላ ነው።» ይህ ፍርድ አይደለም፤ ሠሪዋ በራሷ ልታገኘው የማትችለው መረጃ ነው። እርሷ መግቢያው የት እንዳለ ስለምታውቅ እንደ እንግዳ ልታየው አትችልም። ሦስተኛ፣ ጉድለቱን ከቦታውና ከምክንያቱ ጋር ጥቀሱ። አራተኛ፣ ቀጣዩን እርምጃ አንድ ብቻ አድርጉት፤ ቢበዛ ሦስት። አሥራ አምስት አስተያየት የተቀበለ ተማሪ የሚያርመው የቀለለውን ነው።

አሜሪካዊቷ የዳንስ ባለሙያ ሊዝ ለርማን ያዘጋጀችው የሂስ ሥርዓት በዚህ ረገድ ጠቃሚ ልማድ አለው። በእርሷ ሥርዓት የግል አስተያየት የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ሠሪውን ፈቃድ ጠይቆ፦ «ስለ ቀለሙ አስተያየት አለኝ፤ መስማት ትፈልጋለህ?» ለጆሯችን እንግዳ ቢመስልም፣ ተማሪው ለመስማት የተዘጋጀበትን ሰዓት ራሱ እንዲመርጥ ያደርጋል።

በእኛ ዘንድ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ይሉኝታ ነው። የክፍል ጓደኛችን ደረጃው ራምፕ እንደሌለው እያየን፣ በመምህራን ፊት ላለማሳፈር ዝም እንላለን። ዝምታችን ግን ጓደኛችንን አይጠብቀውም፤ ጉድለቱን በኋላ፣ በከበደ ዋጋ፣ ከማያውቀው ሰው እንዲሰማው ያደርገዋል። ስለዚህ ከጁሪው በፊት በነበረው ምሽት፣ በስቱዲዮ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ጓደኛ ለጓደኛ የሚነግረው ነገር ከሁሉ የላቀ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ፈተና ተቃራኒው ነው፤ አድማጭን የሚያስቅ፣ ሠሪውን የሚያቆስል ቃል። አንድ ገምጋሚ የአንድን ተማሪ ሬንደር አይቶ «ይህማ የሆቴል ማስታወቂያ ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ተመልክቻለሁ። አዳራሹ ሳቀ። ተማሪው በኋላ ወደ እኔ መጥቶ «ሆቴል ያስመሰለው ምኑ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከአስተያየቱ የበለጠ ብስለት ነበረው። ገምጋሚው ያየው ነገር እውነት ነበር፤ ሁሉም መስኮቶች በአንድነት በርተዋል፣ ከደጁ ውድ መኪና ቆሟል፣ ዘንባባዎቹ በሰልፍ ተተክለዋል፤ ሕንፃው ግን የጤና ጣቢያ ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች ቢጠቅስ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር፤ ተማሪውም ለሳምንቱ የሚሠራው ነገር ይዞ ይሄድ ነበር።

ለሚቀበለው ደግሞ

ሂስን መቀበልም ሙያ ነው። የተነገራችሁን ጻፉ፤ ከዚያ በሦስት ክፈሉት፦ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ተናጋሪው ምርጫ። «ሞቅ ያለ ቀለም እወዳለሁ» የሚለው ሦስተኛው ነው፤ አክብራችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። «ደረጃው አይታየኝም» የሚለው ግን ከሥዕሉ ወይም ከሕንፃው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ፕላኑን ዘርግታችሁ አረጋግጡ። አስተያየቱ ደብዝዞ ከመጣ «በየትኛው ቦታ ላይ ሲያዩ ነው እንዲህ የተሰማዎት?» ብላችሁ መጠየቅ ክብር መንሣት አይደለም። መምህሩ እጁን በሥዕሉ ላይ እንዲያሳርፍ ትረዱታላችሁ።

ዶናልድ ሾን በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ዘ ሪፍሌክቲቭ ፕራክቲሽነር» በተባለው መጽሐፉ የሥነ ሕንፃ ስቱዲዮን መርምሯል። ፔትራ ብሎ የሰየማት ተማሪ በተዳፋት ቦታ ላይ ትምህርት ቤት ማሳረፍ አቅቷት ስትቸገር፣ ኩዊስት ያለው መምህር በሥዕሏ ላይ ብጣሽ ወረቀት አንጥፎ እየሳለ ይናገራል። ቃሉና መስመሩ አብረው ይሄዳሉ። በሬንደርም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ሥዕሉን አትማችሁ በላዩ ስስ ወረቀት አንጥፉና የአድማሱን መስመር፣ የጥላውን አቅጣጫ፣ የዓይንን ጉዞ በእርሳስ አስምሩ። ግማሹ ክርክር በዚያው ያበቃል።

ለመምህራን ባልደረቦቼ

ሦስት ነገሮችን በአክብሮት አቀርባለሁ። አንደኛው ጊዜ ነው። በመጨረሻው ጁሪ ላይ ስለ ብርሃን የሚሰጥ ሂስ ለተማሪው ፍርድ ነው እንጂ ትምህርት አይሆንም። በመካከለኛው ግምገማ ላይ ያለ ቁስና ያለ ቀለም የተሠራ ግራጫ ሬንደር እንጠይቅ። ቅርጹና ጥላው ብቻ ይታያሉ፤ የሚደበቅበት ጌጥ የለም፤ ለማረምም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛው ፍትሕ ነው። አንዱ ተማሪ ኃይለኛ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር አለው፤ ሌላዋ በተበደረችው ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ስታሠራ አድራ ሊነጋ ሲል መብራት ይጠፋባታል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ የምናየው ልዩነት ምን ያህሉ የዲዛይን፣ ምን ያህሉ የኪስ እንደሆነ ካልለየን፣ ውጤት የምንሰጠው ለመሣሪያው ነው። አስተያየት ስንሰጥም ዋጋውን እናስብ፤ ሰማዩን መቀየር ለእኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ለእርሷ ግን አንድ ሌሊት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ከእያንዳንዱ ሬንደር ግርጌ አራት ነገሮች እንዲጻፉ እንጠይቅ፦ የሌንሱ ልክ፣ የካሜራው ከፍታ፣ ወሩና ሰዓቱ፤ የካሜራው ቦታም በፕላኑ ላይ በቀስት ይመልከት። ይህ ልማድ በጽሑፍ ባዘዝኳቸው ሰው ሠራሽ ምስሎች ዘመን ይበልጥ ያስፈልጋል። ዛሬ ማንም ሰው ጥቂት ቃላት ጽፎ ፕላን የሌለውን ሕንፃ ማራኪ ሥዕል በሰከንዶች ውስጥ ያገኛል። ደረጃው የማይደርስበት ፎቅ፣ ሸክም የማይወርድበት ዓምድ በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ላይ በቀላሉ ያልፋል። እነዚያን አራት ነገሮች መጻፍ የሚችለው ሞዴሉን የሠራ ሰው ብቻ ነው።

«ስለ ሬንደር ይህን ያህል ማውራት ሥነ ሕንፃን ወደ ሥዕል አያወርደውም ወይ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከባልደረቦቼም እሰማዋለሁ። ስጋቱን እጋራለሁ። ሆኖም በዚህ ምሽት የተመለከትነው ሥዕል የት እንዳደረሰን አስታውሱ። ጥላውን ስንከተል ወደ ማንበቢያ ክፍሉ አቅጣጫ ደረስን፤ መስታወቱን ስንመረምር ወደ በረንዳው፤ አንዲት ወጣትን ስናይ ወደ ራምፑ። ሥነ ሕንፃን የሚያሳንሰው «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። በሚቀጥለው ሳምንት የጓደኛችሁን ሬንደር ስትመለከቱ፣ ሕንፃውን በክረምት፣ ዝናብ እየወረደ፣ በ28 ወይም በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በሰው ዓይን ከፍታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጣሪያው ውሃውን ወዴት እንደሚሸኝ፣ ሰው የት እንደሚጠለል፣ ድንጋዩ ሲረጥብ ምን እንደሚመስል አብራችሁ ተመልከቱ። ከዚያም ያያችሁትን አንድ ጥንካሬና አንድ ጉድለት፣ ከነቦታው፣ ከነምክንያቱ ንገሩት። ሥዕሉን አምኖ ገንዘቡን የሚልከው ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የለም፤ ስለ እርሱ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ።